ከክረምቱ በፊት የገዛነው ቆርቆሮ

የዛገ ቆርቆሮ በካፊያ ሲርስ የሚሰጠው ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ታላቅ ወንድሜ ተፈራ ፊቴ ድቅን ይላል። አርባው ካለፈ ገና ሳምንቱ ነው፤ ስለ እሱ መጻፍ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ።

በደርግ ዘመን ቦሌ ሚካኤል አጠገብ እንኖር ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ቤቱን የያዘው ተፈራ ነበር፤ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ በበጋው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ድንጋይ ይጠርብ ነበር። በሚያዝያ ንፋስ ተነስቶ እናታችን ከምትተኛበት ክፍል ላይ ጣሪያውን ገነጠለው። እማዬ አስም ነበረባት፤ ክረምቱ ሳይገባ ካልከደንነው እንደማትተርፍ፣ አፍ አውጥተን ባንናገረውም፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቆርቆሮ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ተፈራ ገርጂ ድንጋይ የጠረበላቸው አቶ ለማ የሚባሉ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ጅማ ተዛውረው፣ የጓሯቸውን መጋዘን አፍርሰው አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ለሽያጭ አቀረቡ። ዕቃቸውን የሚጭነው መኪና በግንቦት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ይመጣል ተባለ። እሳቸው አንዱን «አሥር ብር» አሉ፣ ተፈራ «ስድስት» ብሎ ተሰናብቶ ወጣ። ያለን ገንዘብ አሥራ ሁለቱን በስድስት በስድስት ብር ለመግዛት ብቻ ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ እኔን አስከትሎ በዚያ ያልፍና ሰላም ብሎ ብቻ ይመለስ ነበር።

«የሳቸውን ቅዳሜ እኛ እናውቃለን፤ የእኛን ዝናብ ግን እሳቸው እንዳያውቁ» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ለማ እኔን ያዙኝ።

«ቤታችሁ ያፈሳል እንዴ ማሙሽ?»

«ኧረ አያፈስም፤ ለዶሮ ቤት ነው» አልኩ፣ እንደተመከርኩት።

«ለዶሮ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ? ዶሮዎቻችሁ ካድሬ ናቸው?»

ተፈራ ሳቀ እንጂ ዋጋ አልጨመረም።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ አካፋ። እማዬ ላስቲክ ደርባ ተኝታ እያሳለች፣ «ተበደርና በጠሩልህ ግዛ እንጂ!» ብላ ተቆጣችው። ተፈራ ፊቱ ጠቁሮ ላስቲኩን ያስተካክልላት ጀመር። ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ መኪናው ጢም ብሎ ተጭኖ፣ ቆርቆሮው ቦታ አጥቶ ደጅ ቀርቶ፣ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋ ነበር። አቶ ለማ በላብ ተጠምቀው «በል በአራት አንሳውና ገላግለኝ!» አሉ። ተፈራ ግን በስድስት ሂሳብ አውጥቶ ሰጣቸው። ገንዘቡን ቆጥረው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ጋቢና ገቡ።

በሰኔ ዝናቡ ሲበረታ እማዬ ደረቅ አልጋ ላይ ነበረች፤ ያን ክረምት ተረፈች። «ሞኝ! በአራት እየሰጡህ!» ስትለው ተፈራ እንዲህ አላት፦ «እማዬ፣ ስድስት ያልኩት አስቤበት ነው። እሳቸው አራት ያሉት ግን ጨንቋቸው ነው።»

ዛሬ እኔም ነጋዴ ነኝ። ቀን የጠበበበት ሰው ሲመጣ ጭንቀቱን ከፊቱ አነብባለሁ፣ ዝም ብዬ መጠበቅም እችላለሁ፤ ይህን ከተፈራ ተምሬአለሁ። እሱ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ያቆመበት ቦታ፣ አስቤ ከጠራሁት ዋጋ ላይ፣ ማቆም ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እስካሁን አልሆነልኝም።