ለአባቴ የተገኘው አፕ

ሮቤ ከተማ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ስልክ ያስቸገረው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ግን አዲስ አፕ ካገኘሁ ሳልሞክረው አላድርም፤ ከወደድኩት ደግሞ ለሰው ሳልናገር አልቀመጥም። መታወቂያና ደረሰኝ በካሜራ አንስቶ እንደ ፎቶ ኮፒ አጥርቶ የሚያስቀምጠውን አፕ ለባልደረቦቼ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ሲናና ወረዳ ገብስ ለሚያመርተው አጎቴ ዝናብ መቼ እንደሚመጣ የሚናገረውን ጫንኩለት። ዘንድሮ አጨዳውን ሁለት ቀን አስቀድሞ ከዝናብ ሲያተርፍ ደውሎ ምርቃቱን አወረደልኝ።

ለሰው ሁሉ ስመክር ለገዛ አባቴ የሚሆን ነገር ለመፈለግ ግን ዘግይቼ ነው ያሰብኩት።

አባቴ የሚኖሩት ጎባ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ጓደኛቸው ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ይሄዱና ደጃፉ ላይ ዳማ ይጫወታሉ። ጓደኛቸው የከተማው ሰው ሁሉ ሐጂ ብሎ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። አባቴ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ሐጂ በኦሮምኛ ይመልሳሉ፤ አንድም ቀን ሳይግባቡ ቀርተው አያውቁም።

ከዚያ የአባቴ ጆሮ እየደከመ መጣ። የተሰጣቸውን የመስሚያ መሣሪያ ይጮህብኛል ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ያልተጠየቁትን መመለስ ጀመሩ። ሰው ሲስቅ በእሳቸው የሳቀ እየመሰላቸው ቀስ በቀስ ከሱቁ ቀሩ። ቅዳሜ ከሮቤ ስመጣ መስኮት ሥር ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ለምን አይወጡም ብዬ ወረቀት ላይ ስጽፍላቸው፣ "ብርድ ነው" ይሉኛል። የጎባ ብርድ ግን ትናንት የመጣ አልነበረም።

ሳምንት ሙሉ ፈልጌ፣ ሰው የሚናገረውን እየሰማ ወዲያው በአማርኛ የሚጽፍ አፕ አገኘሁ። ቅዳሜ ዕለት ስልካቸው ላይ ጫንኩት፣ ፊደሉን ትልቅ አደረግኩት፣ ከፊታቸው ይዤ፣ "አባባ፣ ዛሬ ፀሐይ ወጥቷል፤ ሐጂ ጋ እንሂድ" አልኩ። ቃሎቼ አንድ በአንድ ተጻፉ። መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ይሄ አሁን አንቺ ያልሽው ነው?"

"አዎ።"

አዎዋም ተጻፈች። ጋቢያቸውን አነሱ።

ሐጂ ሲያዩን ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እጃቸውን ዘርግተው "አካም ቡልተ?" አሉ፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። አፑ ግን የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነው። አባቴ ስልኩን አይተው ግንባራቸውን ቋጠሩ። "አቅም በልተህ" ይላል።

"የማንን አቅም ነው የበላሁት?" አሉ።

ክው አልኩ። ገና ሳላስረዳ አባቴ ቀጠሉ፣ "ልጅህ እንዴት ነው?"

"ጋሪ ዻ" አሉ ሐጂ። ደኅና ነው ማለት ነው። ስልኩ "ጋሪ ነዳ" ብሎ ጻፈ።

የሐጂ ልጅ ባንክ ነው የሚሠራው። አባቴ ጮክ ብለው አነበቡና፣ "ባንኩን ትቶ ጋሪ ነዳ?" ብለው ሐጂ ላይ አፈጠጡ። ሐጂ ስልኩን ተቀብለው አዩ። ከዚያ ሳቁ። አባቴም ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ሳቁ። አባቴ እንዲያ ሲስቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር!

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ዜና አንባቢ ረጋ እያሉ በአማርኛ ተናገሩ። "ወንድሜ፣ አንተ ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ወላሂ!" ወላሂን "ወላጅ" ብሎ ከመጻፉ በቀር ሌላው በትክክል ወጣ።

አባቴ ስልኩን ደጋግመው አዩት። "የምትስቁብኝ መስሎኝ ነበር" አሉ።

"እኛ ደግሞ የተቀየምከን መስሎን ነበር። ለዒድ እንኳ ቀረህብኝ!"

አባቴ የሐጂን እጅ ይዘው ተቀመጡ፤ ዳማው ወጣ።

ጨዋታው መሐል አንዲት ሴት ሱቁ ውስጥ ገብታ ከሻጩ ጋር በሻሽ ዋጋ ትከራከር ጀመር። አፑ እሷንም ይጽፋል። አባቴ አነበቡና፣ "እኔን ነው ቀንስልኝ የምትለኝ?" አሉ። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየቻቸው። "እንዴ፣ መምህር መጡ! ናፍቀውን ነበር እኮ" አለች። ይሄም ተጻፈ። አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አድርገውም እንደገና አነበቡት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቁ አልቀሩም። ሐጂ አሁንም በሁለቱም ቋንቋ ያወራሉ፤ ስልኩ ሲሳሳት ሁለቱም መሳቂያ አገኙ። "ኦሮምኛውን የሚጽፍልን መቼ ታመጪያለሽ?" ይሉኛል አባቴ፤ እየፈለግኩ ነው።

አሁን አፕ የሚመክሩት አባቴ ሆነዋል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በካሜራ የሚያጎላውን አሳየኋቸው፤ እሳቸው ለእድርተኞቻቸው አዳረሱት። ንግግር በሚጽፈው አፕ ዙሪያ ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ እንደ ክፍል ውስጥ እጃቸውን አንስተው፣ "አንድ በአንድ! ሁላችሁ ባንዴ ከተናገራችሁ አይጽፍም" ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ ስደርስ አባቴ በአንዲት ጡረተኛ ነርስ ስልክ ላይ አቀርቅረው፣ አፑን ራሳቸው እየጫኑላት ነበር። አላዩኝም። ላግዝ ብዬ ስጠጋ ሐጂ እጄን ያዙኝ። "ተይው" አሉኝ በሹክሹክታ፤ "ሥራ ላይ ነው።" እስኪጨርሱ ድረስ አጠገባቸው ፀሐይ እየሞቅኩ ጠበቅኩ።