የምላጭ ፋብሪካው ሰውዬ

ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅ የማላጣው አንድ ሰውዬ አለ። ደረቱ ላይ የምላጭ ፋብሪካ አርማ የተሰፋበት ጃኬት ክረምት ከበጋ አይለየውም፤ አገጩ ላይ ደግሞ ብጫቂ ጥጥ አይጠፋም። አገራችን ከጎረቤቶቿ የንግድ ማኅበር ከወጣች ወዲህ ምላሱ አላረፈም።

«እሰይ ወጣን! የሰው ዕቃ ስንለምን ልንኖር ነበር እኮ!» ይላል። ኑሮ ተወደደ ያለውን ሁሉ «ሆዳም!» ብሎ አፉን ያስይዘዋል።

ትናንት ተራው ደርሶ ወንበሩ ላይ ጉብ አለ። ግራ ቀኙን ቃኘና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ ብሎ፣ «የኔ ልጅ፣ እባክህ የውጪውን ምላጭ አድርግልኝ። የኛው ፊት ይልጣል፤ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?» ሲለው ጎኑ ሆኜ ሰማሁት።

«ጋሼ፣ የውጪው ድሮ ቀረ። ያለው እርስዎ የሠሩት ነው።»

ሰውየው መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን ዓይኑን ጭፍን አደረገ።