ለፔጆዋ የተመረጠው ሞተር

ስርጉት ገብረማርያም ሞተር የምታውቀው በጆሮዋ ነው። አባቷ በጅቡቲ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠላሳ ዓመት ሎኮሞቲቭ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ቡላኦስ በሚባል ሰፈር ውስጥ ጠባብ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈቱ። ሲሞቱም ሱቋንና አንዲት ነጭ ፔጆ 504 ለእሷ ተዉላት። ስርጉት ቺንጋና የፍሬን ሸራ እየሸጠች፣ ደጅ የቆመውን መኪና ቀና ብላ ሳታይ «ያንተ ሁለተኛው ፒስተን ደክሟል» ትላለች። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ በሳምንቱ ሞተሩ ሲፈታ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ።

ባሏ መሳፍንት የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጦርነቱ የአሰብን በር ዘግቶ ሸቀጡ ሁሉ ወደ ጅቡቲ በዞረ ጊዜ ነው የመጣው። ዓመታት ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሲመላለስ ወገቡ አልችል አለውና ተሳቢውን ተወ። ከዚያ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ወረፋ የሚጠብቁ ሹፌሮችን በፔጆዋ ወደ ከተማ ማመላለስ ያዘ። ረጋ ያለ ሥራ ነበር፤ መሳፍንት ግን ረጋ ያለ ሥራ አይሆነውም። ከመኪናዋ ወርዶ ቤት ሲገባ ገበያ ውሎ ምንም ሳይገዛ የተመለሰ ሰው ይመስል ነበር።

በፈረንጆቹ 2007፣ ሰኔ ላይ ፔጆዋ ታመመች። ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ ዘይት ትጠጣለች፣ የአርታን ዳገት ስትወጣ እግረኛ ሊቀድማት ይደርሳል። በዚያው ሰሞን ሱሪያ መጣች።

ሱሪያ የጫት ነጋዴ ናት። ከኢትዮጵያ በየቀኑ እኩለ ቀን ገደማ የሚገባውን ጫት ተቀብላ ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ወደ ታጁራ ትልካለች። ጫት ደግሞ ከጠወለገ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሱቁ በራፍ ላይ ቆማ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «መሳፍንት፣ መንገድ ታውቃለህ፣ አፋርኛ ታውቃለህ። ሰባት ሰዓት ትነሳለህ፣ ዘጠኝ ሰዓት ታጁራ ትገባለህ። በየቀኑ» አለችው።

«የበፊቱ ሹፌርሽስ?» አለች ስርጉት ከውስጥ።

«ለቀቀ።»

«ከእሱ በፊት የነበረውስ?»

ሱሪያ ሻሿን አስተካከለች። «አላህ ወሰደው» ብላ ሄደች።

ስርጉት የለቀቀውን ሹፌር አፈላልጋ አገኘችው። ጥሩሰው ይባላል፤ ፔካ 12 ላይ ጎማ ይለጥፋል። ከጎማው ላይ ቀና ሳይል አዳመጣት።

«መንገዱ አይደለም እህቴ» አላት በመጨረሻ። «መንገዱ ይለመዳል። ሰዓቱ ነው። ሴትየዋ አትቆጣም፣ አትሳደብም። ግን ታጁራ ስደርስ ሰዉ ቆሞ መንገድ መንገዱን ሲያይ አየዋለሁ። በማግስቱ አምስት ደቂቃ ቀድሜ ልድረስ እላለሁ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ አምስት።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ተውከው?»

«አንድ ቀን ታጁራ ደርሼ ከመኪናው ስወርድ፣ የመጣሁበትን መንገድ ማስታወስ አቃተኝ። አንዱንም ኩርባ።»

ይህን ለመሳፍንት ስትነግረው ሳቀ። «ጥሩሰው ድሮም ፈሪ ነው» አላት።

ፀጋው ከዱባይ በኮንቴይነር የሚመጡ አሮጌ ሞተሮችን እየሸጠ የሚገጥም መካኒክ ነው። ባልና ሚስት አብረው ወደ ግቢው ሄዱ። ሞተሮቹ በአሮጌ ጎማ ላይ ተደርድረው፣ ከፀሐዩ የተነሳ እጅ አያስነኩም ነበር።

«የራሷን ሞተር እንደገና ብትሠራውስ?» አለች ስርጉት። «የፒስተኑን ፋሻና ኩሽኔታውን ብትቀይርላት?»

«ለከተማ ይሆናል እትዬ ስርጉት። መሳፍንት ለሚለው መንገድ ግን አይበቃም» አለ ፀጋው። ከዚያ አንዱን በእግሩ ነካ አደረገው። «ይሄ ናፍጣ ነው፤ ከሚኒባስ የወጣ። ይጮኻል፣ አይሮጥም። ግን በዚህ አገር ሙቀት እንኳ አይግልም። እኔን ከጠየቁኝ ይሄ ነው።»

መሳፍንት ግን ሌላ ሞተር አጠገብ ቆሞ ነበር። ረጅም ባለ ስድስት ፒስተን ቤንዚን ነው፤ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ስርጉት በርከክ ብላ የዘይቱን ክዳን ከፈተች፣ አሸተተች፣ በቁልፍ ቀስ አድርጋ አዞረችው። እንደ ቅቤ ዞረ። ቀጥላ ወደ ፊት ለፊቱ ዞረች። የማቀዝቀዣው ፋን ክንፎች ከሥራቸው ተቆርጠዋል። ሞተሩ የሚታሰርበት ወፍራም ብረት ወደ ኋላ ተጣሟል።

«ይሄ የወጣበት መኪና ፊት የለውም» አለች።

ፀጋው ፂሙን አከከ። «ከተጋጨ መኪና ነው የሚወጡት እትዬ፤ ያውቁታል እኮ።»

«ሞተሩ ምን ሆነ? ጤነኛ አይደለም?» አለ መሳፍንት።

«ጤነኛ ነው። መኪናው እንዲያ ሲደቅ እሱን ጭረት አልነካውም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።» ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «ስማኝ፣ ሞተር ብቻውን አይመረጥም። የፔጆዋ ፍሬን የተሠራው ለዚያች ለትንሿ ሞተሯ ነው። ይሄን አፍንጫዋ ላይ ስታሸክማት ትደፋለች፤ ጉልበቱን የሚቀበለው ደግሞ የኋላ ጎማ ነው። ወደ ጉቤት ባሕር ቁልቁለቱን ስትወርድ ኋላዋ ቀሎ ያመልጥሃል።»

«ፍሬኑን በወሩ እንቀይረዋለን።»

«ፍሬኑ ይቅደም።»

«ሱሪያ ወር አትጠብቅም ስርጉ።»

መኪናዋ የእሷ ናት። አይሆንም ብትል ይቀር ነበር፤ ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ አሰበችው። ግን መሳፍንት ሞተሩን ሲያይ ፊቱ በርቶ ነበር፤ ተሳቢውን ከተወ ወዲህ እንዲያ ሲሆን አይታው አታውቅም።

«እሺ» አለች።

ፀጋው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሞተሩ ርዝመቱ አልገባ ስላለ በሞተሩና በሹፌሩ መሃል ያለውን ላሜራ በመዶሻ ቀጥቅጦ ወደ ውስጥ ገፋው። በአሥረኛው ቀን ሲያስነሳው ስርጉት ጆሮዋን ሰጠች። አንድም እንከን አላገኘችበትም፤ ወፍራም፣ የረጋ፣ ውብ ድምፅ ነበር። ወደ ሱቋ ተመለሰች።

በመጀመሪያው ሳምንት መሳፍንት ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታጁራ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ። ወር ሳይሞላ ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰ፤ ለሚስቱም እንደ ትልቅ ወሬ ይነግራት ጀመር። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ስታናግረው ሰዓቱን ያያል። ፔጆዋ አመሻሽ ላይ ስትገባ ከጎማዎቿ መሃል የተቃጠለ ሸራ ይሸታል።

«ፍሬኑስ?» ትለዋለች።

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ነበር። አሸዋ የተሸከመው ትኩስ ነፋስ ከተማውን ሦስት ቀን አፍኖ ሰነበተ። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ መሳፍንት ደረሰና ቤት ሳይገባ ባልዲ ፈለገ። መኪና አጥቦ አያውቅም። ስርጉት ብቅ ስትል ኮፈኑ ላይ ውኃ እያፈሰሰ ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ፍየል ነው።»

ጎንበስ አለች። እውነትም መከላከያው ላይ የፍየል ፀጉር ተጣብቋል። ከመብራቱ ጎን፣ ከላሜራው ጠርዝ ላይ ግን የእጅ መዳፍ የምታህል ብርቱካናማ ጨርቅ ተሰንቅራለች። ሳብ አድርጋ አወጣቻት።

«ፍየል ይሄን ይለብሳል?»

መሳፍንት ቀድሞ ንጹሕ የሆነው ኮፈን ላይ ውኃ ማፍሰሱን አላቆመም። «ከጉቤቱ ኩርባ አለፍ ብሎ ነው» አለ። «ፍየሎቹ መንገድ ላይ ነበሩ። ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ወለል ነካ። ከኋላቸው ልጅ ነበረች። ዘለለች… የዘለለች መሰለኝ።»

«አላየህም?»

«አላየሁም።»

«አልቆምክም?»

«ሰባት ደቂቃ ዘግይቼ ነበር» አለ። ካለው በኋላ የራሱ ቃል ጆሮው ገባ። ባልዲው ከእጁ ወደቀ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ልጅቷ ምን እንደሆነች ሊያዩ ሲነሱ ቁልፉን እሷ ያዘች። ፔካ 12ን፣ ከዚያም የዌዓን መንደር አለፉ፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጀመረ። በዝግታ ልትነዳ ትሞክራለች፤ እግሯን በጥቂቱ ስትጫን ግን መኪናዋ ከሥሯ አምልጣ ልትሄድ ትታገላለች። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ፍሬን ያዘች። በሁለተኛው ጊዜ ፔዳሉ ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ ታች ሰመጠ። መሳፍንት በአጠገቧ ሆኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ኩርባዎቹን ይቆጥራል።

«እዚህ ጋ» አላት።

አስፋልቱ ላይ የደረቀ ደም አለ፤ ፍየሏን ግን አንስተዋታል። ከመንገዱ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ በሰሌን የተሸፈነ የአፋር ዳስ ይታያል። ስርጉት መኪናዋን ጠጋ አድርጋ አቆመች። ልቅሶ የለም፣ የተሰበሰበ ሰው የለም።

«ቀብረዋት ጨርሰው ይሆን?» አለ መሳፍንት። ከመኪናው አልወረደም፤ እሷ ዞራ በሩን ከፈተችለት።

አንድ ሽማግሌ ወጡ። መሳፍንት በአፋርኛ ሰላምታ ጀመረ፤ የአፋር ሰላምታ ረጅም ነው፣ ሽማግሌውም አንዱን ሳያስቀሩ መለሱ። ሲያልቅ መሳፍንት ወደ መኪናዋ ጠቆመ፣ ወደ ራሱም ጠቆመ። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ጥቂት ቃላት ተናገሩ።

«በሕይወት አለች» አለ መሳፍንት ወደ ስርጉት ዞሮ። «ድንጋዩ ላይ ወድቃ ክንዷ ተልጧል። መኪናው የነካው ሻሿን ነው። የልጃቸው ልጅ ናት፣ ውስጥ ተኝታለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ አማተበች።

ሽማግሌው እንደገና ተናገሩ። መሳፍንት በዚህኛው ጊዜ አልተረጎመም።

«ምን አሉ?»

«ፍየል ፍየል ነው አሉ።»

«ሌላም ብለዋል።»

መሳፍንት መሬት መሬቱን አየ። «ለምን አልቆምክም አሉ።»

«መልስላቸዋ።»

ያ ትከሻው ሰፊ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሽማግሌው በቆርቆሮ ውኃ አመጡለት። መልሱን ደግመው አልጠየቁትም። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ቃል እንዳልተነፈሰች የነገሩት ውኃውን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ስርጉት ሞተሩን አስነሳች። ያ ውብ ድምፅ ገና ሲነሳ ከዳሱ ውስጥ ጩኸት ተሰማ። ቀጭን፣ ትንፋሽ የሌለው፣ የማያቋርጥ ጩኸት ነበር። ስርጉት ቁልፉን ወዲያው መለሰችው። ባልና ሚስቱ ወርደው መኪናዋን በእጃቸው እየገፉ፣ በድንጋዩ መሃል እየተንገዳገዱ እስከ አስፋልቱ አደረሷት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ዳሱ እስኪርቅ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ገፏት።

መሳፍንት ያንኑ ቀን ለሱሪያ ሥራውን እንደተወ ነገራት። አልተቆጣችም፣ አልተሳደበችም። ስልኳን አውጥታ ሌላ ሰው ጠራች። በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ በሌላ መኪና ወደ ታጁራ ሄደ።

ፀጋው መጀመሪያ ፍሬኑን ቀየረ። ቀጥሎ ባለ ስድስት ፒስተኑን ሞተር አውጥቶ የሚኒባሱን ናፍጣ ገጠመላቸው። ፔጆዋ ስትንደቀደቅ ሦስት ሰፈር ይሰማታል፤ በእሷም መሳፍንት በፈረንጆቹ እስከ 2014 ድረስ የፔካ 12 ሹፌሮችን አመላለሰ።

ልጅቷ ከሁለት ወር በኋላ መናገር ጀመረች። መኪና ሲያልፍ ግን ፍየሎቿን ጥላ ከድንጋይ ሥር ትገባለች፤ ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ለእሷ ልዩነት የለውም። ስርጉትና መሳፍንት በየሁለት ወሩ ይሄዱ ነበር። የዳሱ ሰዎች የሞተሩን ድምፅ እንዳይሰሙ መኪናዋን ከኮረብታው ወዲያ፣ መንገድ ዳር ያቆሟታል። መሳፍንት ሁለት ጀሪካን ውኃ ያነሳል፣ ስርጉት ዱቄቱን ትሸከማለች፤ ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ይሄዱታል።