የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች

በስማዳ ወረዳዋ ከተማ በወገዳ በምሠራበት የመሬት ቢሮ ከኮምፒውተር ጋር የሚታገል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምላሴም ሹል ነበር፤ “ይህን ሥራ ያለ እኔ ማንም አይወጣውም” ብዬ ካለቃዬ እጅ ነጠቅሁት።

ሥራው ቀያሾች በጂፒኤስ እየዞሩ የለኩትን የገበሬ ማሳ ሁሉ ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ነው። ተራ ዳታቤዝ ስምና ቁጥር እንጂ መሬት አያውቅም፤ ቦታና ቅርጽ እንዲገባው ፖስትጂአይኤስ የሚሉት ፕሮግራም ይጨመርበታል። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ጠፍቶ ስለነበር ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ በፍላሽ አመጣሁት። ጫንኩት፣ ሠንጠረዡን አዘጋጀሁ፣ ልኬቱን አስገባሁ። ካርታውን ብከፍተው ስማዳ የለችም! ኬክሮስና ኬንትሮሱን አገላብጬ አገር ምድሩን ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ዘፍቄዋለሁ። ብቻዬን ከት ብዬ ስቄ አስተካከልኩት።

ሲስተካከል ነው ቀዳዳዎቹን ያየሁ። በብዙው ማሳ ዳር ላይ ከትንሽ ጎጆ የማትሰፋ ባዶ ቦታ አለች። ቀያሹ ማሳውን ከለካ በኋላ እሷን ለብቻ ዞሮ አስወጥቷታል። “የልኬት ስሕተት ነው፤ የት አባቱ!” አልኩና በአንድ መስመር ትእዛዝ ሁሉንም ደፈንኳቸው። ካርታው ጥርት ሲል ኮራሁ። የውኃ መስመር የሚዘረጉት ሰዎችም በዚያው ካርታ ላይ ቦያቸውን አሠመሩ። ቁፋሮው ሰኞ ሊጀመር ሆነ።

ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳቸውን ሊያዩ ገቡ። ስክሪኑን ሳሳያቸው ፈገግታቸው ጠፋ።

“ያችስ?” አሉኝ።

“የቷ አባቴ?”

“የተውናት።”

“ሞልቼልዎታለሁ፤ ምንም አልጎደለብዎትም” አልኩ፣ ምርቃት እየጠበቅሁ።

አማተቡና ካርታቸውን ሳይወስዱ ወጡ። ከእሳቸው በኋላ የገቡት ሴትዮም እንደዚያው፤ አዩ፣ አማተቡ፣ ውልቅ አሉ። ቀያሹን ጠርቼ አፋጠጥኩት።

“እኔ ምን አውቄ! እዚያ ስንደርስ ገበሬዎቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ፣ አዙረው ያሳልፉኛል። ጠይቄም አላውቅ” አለኝ።

የመጀመሪያውን ልኬት መልሼ ከፈትኩ። ቀዳዳዎቹ አሉ። በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የገበያው ጫጫታ እየተሰማኝ፣ ከስክሪኑ ውስጥ የሚያዩኝ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የኛን ማሳ ፈለግሁ። የኛም ላይ አለች፤ ከገብሱ ማሳ ጥግ፣ ቀጋው ሥር። አባቴ ሲያርስ እዚያ ሲደርስ በሬዎቹን አቁሞ ሞፈሩን ያነሣ ነበር። “እባብ አለበት” ይሉን ነበር፣ እኔም አምኜ ኖሬያለሁ። የቦዩ መስመር በላይዋ ያልፋል።

የእናቴ ቤት ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በምን እንደደረስኩ አላውቅም። ደጅ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች።

“እማዬ፣ ቀጋው ሥር ምንድን ነው ያለው?”

እጇ ቆመ። “ማን ነገረሽ?”

“ካርታው።”

“ወይ ጉድ!” አለች። “ካንቺ በፊት ነው። ወንድ ነበር። በሰባት ቀኑ ሞተ። ክርስትና ያልተነሣ ቤተ ክርስቲያን አይቀበር፤ ስምም አልወጣለት። እዚሁ አጠገቤ አደረግነው። የሁሉም ቤት እንዲሁ ነው ልጄ፤ አይወራም እንጂ።”

እኔ የበኩር ልጅ ነኝ ስል ነው ያደግሁ።

“ሰኞ ሊቆፍሩት ነው እማዬ። እኔ ነኝ የደፈንኩት፣ እኔ!” ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። እሷ አላለቀሰችም። ባቄላዋን አቅፋ፣ “እንደነበረ መልሺው” አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢሮ ገባሁ። ቀዳዳዎቹን በአንድ ትእዛዝ መመለስ እችል ነበር፤ ምን ቆርጦኝ! ሁለተኛ በጅምላ አልነካቸውም ብዬ አንድ በአንድ መለስኳቸው። “አይቆፈርም” የሚል ሠንጠረዥ ከፈትኩላቸው። ስም የሚጻፍበትን ዓምድ ባዶ ተውኩት። ሰኞ በማለዳ አዲሱን ካርታ ለውኃ መስመር ሰዎቹ ሰጠሁ፤ ቆፋሪዎቹም እሱን ይዘው ቦዩን በቀጋው ማዶ አዙረው አለፉ።

ከሰዓት ስልኬን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ።

“የታለ?” አለች።

አሳየኋት። በጣቷ ነካ ነካ ስታደርገው ካርታው ተለጠጠ፤ ያች ባዶ ቦታ ስክሪኑን ሙሉ ያዘችው። እናቴ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

መልሼ ላሳንሰው ጣቴን ስዘረጋ፣ “ቀስ በይ፣ እንዳይነቃ” አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰች።