የዘሊካ ጠባሳ በሌዘር ብርሃን

ዘሊካ ከሚሴ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ናት። በአንዱ ረመዷን ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ስትጠብስ የፈላ ዘይት ተፈናጥሮ አንገቷንና ትከሻዋን ለበለባት። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን አላርፍ አለ። አበጠ፣ ደነደነ፣ ከተቃጠለው ቦታ አልፎ ወደ ደረቷ ወረደ። ሙቀት ሲበረታ ማሳከኩ መርፌ ያስጥላታል።

ባሏ ሲራጅ ባጃጅ ነጂ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠባሳ የሚያጠኑ ሰዎች እንዳሉ ሰምቶ ይዟት ሄደ። ኢልሃም የምትባል ወጣት ተመራማሪ ነገሩን አስረድታ አስፈረመቻት፤ ሐኪሙም ምስር የምታህል ቁራጭ ከጠባሳው ወሰደ።

ውጤቱን ልታይ ስትመለስ ኢልሃም ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ ሁለት ፎቶ አሳየቻት።

«ይሄ ኮላጅን ነው፤ ቆዳን የሚያጠነክር የፕሮቲን ክር። ቀለም ሳንቀባው የሌዘር ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ያበራል። ይሄ የጤነኛ ሰው ቆዳ ነው፤ ያኛው ያንቺ።»

በጤነኛው ቆዳ ላይ ቀጫጭን ክሮች ወዲያና ወዲህ ይተላለፋሉ። የዘሊካ ወፋፍራም ነበሩ፤ ተጨናንቀው ባንድ አቅጣጫ ተወጥረዋል።

«ሱብሐነላህ! ይሄ ሁሉ አንገቴ ውስጥ ነው? ታዲያ መቼ ነው የምታወጡልኝ?»

ኢልሃም ከኮምፒውተሩ ወደ እሷ ዞረች። «እህት ዘሊካ፣ ይሄ ጥናት እንጂ ሕክምና አይደለም። ስትፈርሚ ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረሽኛል። እኔ ግን ሐኪም ቆርጦ የሚወስደው ሊያድነኝ ነው ብዬ ነው።»

ከሲራጅ ጋር ወደ ከሚሴ ተመለሰች። ወራት ሲያልፉ የተቆረጠው ቦታም እንደ ሌላው አበጠ።

በኋላ ኢልሃም ደውላ ሁለተኛ ናሙና ጠየቀች። ከዘሊካ አጠገብ ሆኖ የሰማው ሲራጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ህን ዴምቱ! አትሄጂም!» አለ። ዘሊካ በእጇ ዝም አሰኘችው።

«ያ ያሳየሽኝ ፎቶ ማሳከኩን ያሳያል?» ስትል ኢልሃምን ጠየቀቻት።

«አያሳይም።»

«የቆረጣችሁት ቦታ አብጧል።»

«አውፍ በይኝ፣ ይቅርታ» አለች ኢልሃም። «ሊያብጥ እንደሚችል አውቅ ነበር። ደጋግሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።» ከዚያ ደሴ ያለ አንድ የቆዳ ሐኪም ስልክ ሰጠቻት። «መርፌ ይወጋሻል። ጠባሳውን ያሳንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም።»

ዘሊካ ደሴ እየተመላለሰች ትወጋለች። መርፌው ጠባሳው ውስጥ ሲገባ ጥርሷን ነክሳ ታለቅሳለች። ጥቂት ለስልሷል፤ ማሳከኩም ቀንሷል። ሁለተኛ ናሙና አልሰጠችም። ደንበኛ በግራዋ በኩል ሲጠራት ግን ጠባሳው የወጠረው አንገቷ እሺ ስለማይላት ዛሬም የምትዞረው ከነወንበሯ ነው።