ማሽላ የተሰጣበት የአውሮፕላን ማረፊያ

ሰሞኑን ሐይቅ ከተማ ዳር የግሬደር ድምፅ ሰምቼ ቆምኩ። የድሮውን የአውሮፕላን ማረፊያ ለቤት መሥሪያ እየጠረጉት ነው።

በልጅነቴ ጦርነት የደሴን መንገድ ሲዘጋ፣ ምጥ የጠናባትን እናቴን በቃሬዛ እዚህ አምጥተናት ነበር። ትንሿ የእርዳታ አውሮፕላን ከላያችን ትዞራለች እንጂ አታርፍም። ጎረቤታችን አያ ይማም ማረፊያው ላይ ማሽላ አስጥቷል። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታቃስታለች።

«አንሳ ብዬህ አልነበር?» ብሎ ጮኸበት የማረፊያው ዘበኛ አያ እንድሪስ።

«ወላሂ፣ ባዶውን ከሚውል ብዬ ነው!»

«ባዶ መዋሉ ነው ሥራው፣ አንት ሰውዬ!»

ባዶ ሜዳ ምን ሥራ እንዳለው አልገባኝም። ሁላችንም ግን ተንበርክከን ማሽላውን በእጃችን ዛቅነው፤ አያ ይማም እያለቀሰ ከሁላችን በላይ ዛቀ። አውሮፕላኗ አረፈች። እናቴም ከሳምንታት በኋላ ወንድሜን ታቅፋ ተመለሰች።

አሁን መሬቱን የሚያስለካውን ኃላፊ፣ ለአውሮፕላን ሌላ ቦታ ተይዞ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ምን ያደርጋል እህቴ? አስፋልት አለ እኮ!» አለኝ።

በቅርቡ በነበረው ጦርነት ያ አስፋልት ተዘግቶ ነበር። መውጫ አጥተው እዚሁ ከቀሩት አንዱ ይኸው ኃላፊ ነው።