የአባባ ድልድይ

አባባ ጉና ግርጌ ባለች ቤተ ክርስቲያን ንባብ ያስተምራሉ። እሳቸው ይላሉ፣ ተማሪዎቹ ተቀብለው ይደግማሉ፤ ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። አምና በቅሎዋ ጥላቸው ሁለት የላይ የፊት ጥርሳቸው ወለቀና «ሰ» አብሮ ጠፋ። በግእዝ ሰው ለማለት «ብእሲ» ሲሉ «ብእሺ» ይወጣቸዋል።

አንድ ጠዋት ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «ብእሺ» አሉ። አባባ ያሾፉባቸው መስሏቸው ተቆጡ። ለካ ልጆቹ ከልባቸው ነው፤ ንባብ ሲሆን እንዲህ ይባላል ብለው አጥንተውታል! አባባ ምክንያቱን ሳይነግሯቸው አሰናበቷቸው። «ስህተት እያወረስኩማ አላስተምርም» ብለው ቤት ዋሉ፣ አፋቸውን በጋቢ ከልለው። ነገሩ አንጀቴን በላው።

እኔ ከአረብ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ታቦር ነው የምኖረው። እዚያ ሳለሁ የተሰበረች መንጋጋዬ ላይ ክራውን አስደርጌ ነበር፤ ጥርሷን ኮፍያ እንደማልበስ ነው። ስለዚህ አዋቂ ነኝ ባይ ሆኜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ አየቻቸውና «ብሪጅ እንሠራለን» አለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«ድልድይ ነው፣ አባባ።»

ትንሽ አሰቡ። «ከሥሩ ምን ሊፈስ?»

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እኔማ ተዉኝ። ግን ነገሩ እኔንም አጓጓኝ። ድልድዩ በምን ይቆማል? ለካ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጤነኛ ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው ያንሳሉ፤ ክራውን እነሱ ላይ ይጠልቃል፤ የጎደሉት ሁለቱ መሀል ላይ ተያይዘው ይሠራሉ። አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ደህናዎቹ ምን አጠፉ?»

ወደ ሐኪሟ ዞርኩ። እሷም አልሸፋፈነችም። «ምንም አላጠፉም፣ የኔታ። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ አይመለስም። የሚወልቅ የሚጠለቅ ሰው ሠራሽ ጥርስም ስላለ አስበው ይወስኑ።»

አባባ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከወንበሩ ተነስተው የሚሄዱ መስሎኝ ፈራሁ።

«ተማሪዎቼም ምንም አላጠፉም» አሉ በመጨረሻ። «በይ ሞርጂው።»

ከዚያ ቀለም መረጣ መጣ። ሐኪሟ ከነጭ እስከ ሻይ ቀለም የተደረደሩ የናሙና ጥርሶች አፋቸው አጠገብ እያስጠጋች ታመሳስላለች። እኔ ነገረኛዋ «ነጩን አድርጊላቸው» አልኩ። አባባ ገላመጡኝ። «የሌላ ሰው አፍ አታድርጉብኝ» ብለው ወደ ቡናማ የሚያደላውን አስመረጡ።

ድልድዩ ተሠርቶ መጥቶ የተጣበቀ ዕለት መስታወት ብሰጣቸው አላዩትም። «ብእሲ» አሉ። ባጃጅ ውስጥም ለራሳቸው ደጋገሙት። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየን፤ ምን ይበል?

በማግሥቱ ተማሪዎቹ ተጠርተው መጡ። እኔም ሥራዬን ትቼ ተከትያለሁ፤ ይቺ ታልፈኛለች እንዴ! አባባ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱና ጥርት አድርገው «ብእሲ» አሉ።

የሚቀበል ጠፋ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሁሉም ታላቅ የሆነው ተነስቶ እጅ ነሣ።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ‹ብእሺ› ነበር ያሉን።»

አባባ ልጁን አዩት፣ አዩትና ሳቁ፤ ከወደቁ ወዲህ አፋቸውን ሳይከልሉ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

«ያ የበቅሎዋ ንባብ ነው፣ ልጄ» አሉት። «አሁን ከእኔ ተቀበሉ፤ ብእሲ።»